ታንኳ የሌለው የባሮ ሰው

እስቲ ያን ግንድ ተመልከቱት። ከኢታንግ ወጥታችሁ፣ ባሮን በግራችሁ ይዛችሁ ወደ ታች አንድ ሰዓት ያህል በእግር ስትጓዙ፣ ትልቁን የማንጎ ዛፍ እንዳለፋችሁ ወንዙ ዳር ቆሟል። ቁመቱ የሁለት ሰው ያህል ነው። ጫፉ ላይ የገመድ ቁራጭ ይወዛወዛል፤ ሌላ ምንም የለበትም። አሁን ቀና በሉና ማዶውን እዩ። ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ብሎ አንዲት የሣር ጎጆ አለች። በቆሎ አለ። ከጎጆዋ በላይ ቀጭን ጭስ አለ። ውሃው ዳር ግን ታንኳ የለም። ደግማችሁ እዩ፤ የለም። በሬ ከሌለው ገበሬ ይልቅ ታንኳ የሌለው የባሮ ሰው ግራ ያጋባል። እዚያ ያለው ሰው ወዲህ መምጣት አይችልም። እንዳይችል ያደረገውም ራሱ ነው።

ስሙ ዳክ ነው። አዎ፣ ያው ዳክ። ፊቱን በካናቴራ ላይ አሳትማችሁ የለበሳችሁት፣ ከጎኑ ቆማችሁ ፎቶ የተነሣችሁት፣ አሁን ደግሞ በየባጃጁ ውስጥ የምታሙት ዳክ። «ኮራ» ትላላችሁ። «አበደ» ያላችሁም አላችሁ። ሐሜቱን ለጊዜው ያዝ አድርጉትና ነገሩን ከሥሩ ስሙት።

ዳክ ጀግና ከመባሉ በፊት ዓሣ አጥማጅና ሰው አሻጋሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የወንድነት መስመሮች የተሰመሩለት፣ ብዙ የማያወራ ሰው። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ሁለት ሴት ልጆቹ ማታር ከተማ ተድረዋል። ቅርብ ዘመድ የምትባለው ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር የምትኖረው ታላቅ እህቱ ኛዱዋል ናት። ታንኳውን ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ የሠራው ራሱ ነው። ሰው ሲያሻግር ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንግ የወንዙን ወለል እየገፋ ይሄዳል፤ ዘንጉ በእጅ ከመያዝ ብዛት ከላይ በኩል እንደ ቀንድ ለስልሷል። «እንዴት ዋልክ?» ሲሉት፣ «ወንዙ ደህና ነው» ይላል። ከዚህ የበለጠ ወሬ ከፈለጋችሁ ሌላ አሻጋሪ ፈልጉ።

ከዚያ ያ የጎርፍ ክረምት መጣ። ዝናቡ የዘነበው ደጋ ላይ ነው፤ ባሮ ግን የደጋውን ዝናብ ለቆላው ሰው ነው የሚያስረክበው። በሦስት ቀን ውስጥ ከኢታንግ በታች ያሉት መንደሮች ውሃ ውስጥ ገቡ። ላሞች ዋኙ። ሰው ዛፍ ላይ ወጣ፣ የቤት ጣሪያ ላይ ወጣ። ጀልባ ይላካል ተባለ። ተባለ! ይላካል የተባለው ጀልባ መንገድ ላይ እያለ ዳክ ታንኳውን ገፋ።

አሥራ አንድ ቀን ገፋ። እንቅልፉን ታንኳው ውስጥ ተጠማዞ፣ ዘንጉን አቅፎ ነው የተኛው። አንዲት አሮጊት ከጣሪያ ላይ «ፍየሌ ካልሄደች አልሄድም» ብለው አሻፈረኝ ሲሉት አልተከራከረም፤ ፍየሏን ተሸክሞ አስገባና «ይኸው፣ እሷ ልትሄድ ነው» አላቸው። እየተሳደቡ ወረዱ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ተረዳ። ጎርፍ ውስጥ ሁሉም ይጮሃል፤ ጩኸት ደግሞ ውሃ ላይ አቅጣጫ የለውም፣ ከዚህ ነው ስትሉ ከዚያ ይሆናል። ስለዚህ ለደረሰበት ሁሉ አንድ ሕግ ተናገረ። «የሚሞት ሰው ካለ ቢጫ ጀሪካን እንጨት ጫፍ ላይ ስቀሉ። ነጩን አይደለም፤ ነጩ ከሩቅ ወፍ ይመስላል። ቢጫውን። የሚሞት ሰው ከሌለ አትስቀሉ። ካየሁ እመጣለሁ።»

ሰቀሉ። መጣ። ሰቀሉ። መጣ። ስንት ነፍስ እንዳወጣ የቆጠሩት ሌሎች ናቸው።

ውሃው ሲወርድ ጀግና ፈለግን። እኛ እንዲህ ነን፤ ሥራው ላይ አንገኝም፣ ጭብጨባው ላይ ወንበር አንስትም። ዳክን ጋምቤላ ከተማ አንድ አዳራሽ ወሰዱት። መጋቢት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ማራገቢያው አይዞርም። በዚያ ሙቀት ወርቃማ ጥለት ያለው ጥቁር ካባ ከትከሻው ላይ ጣሉበት። ላቡ በግንባሩ መስመሮች ውስጥ እንደ ቦይ ሲወርድ አንዱ ማይክራፎን አስጠጋና፣

«ምን ተሰማዎት?» አለው።

«ሙቀት» አለ ዳክ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀልድ መሰላቸው። በዚያው መድረክ ላይ «ለጀግናችን የሞተር ጀልባ ይበረከትለታል» ተብሎ ቃል ተገባ፤ ለዚህም ቆመው አጨበጨቡ። ዳክ በካባው ውስጥ ሆኖ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ወጣ። የሞተር ጀልባ ማለት ከታችኛው መንደር እስከ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። በዘንግ ግን፣ ወንዙ ከሞላ፣ ሦስት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁና እፈሩ። ዳክን የሰላም አምባሳደር አደረግነው። የአካባቢ ጥበቃ አምባሳደር አደረግነው። የእጅ መታጠብ አምባሳደር አደረግነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እጁ ከውሃ ወጥቶ የማያውቀውን ሰው! በየወርክሾፑ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ያቺኑ የአሥራ አንድ ቀን ታሪክ እንደ ካሴት አስደገምነው። የኢታንግ ሰውም አልቀረለትም። በማንጎው አጠገብ ያን ግንድ ተከለና ቢጫ ጀሪካን በገመድ አሰረበት፤ ሲፈለግ ይሳባል። ዳክ ጎጆው ያኔ በዚህኛው ዳር፣ በማንጎው ግንድና ታችኛው መንደር ከጎርፉ ጀምሮ ባቆመው ግንድ መካከል ነበርና ወንዙ ቀጥ ባለበት በኩል ሁለቱንም ያያል። ጀሪካኗ ብቅ ስትል መረቡን ጥሎ ይመጣል።

«ማን ነው የሚሞተው?»

«ኧረ ማንም አይሞትም፣ ጀግናችን! የሙሽሪት ፍራሽ ነው፤ እንዳይረጥብ ብለን።»

ፍራሹን አሻገረ። ሌላ ቀን ስልክ ቻርጅ ሊያስደርግ የፈለገ ሰው ነው። ሌላ ቀን ለስብከት የዘገየ ፓስተር ነው። ለምን አልተቆጣም ትሉ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ከሩቅ የምትታይ ቢጫ ጀሪካን ፍራሽ ትሁን ሞት በምን ትለያላችሁ? እሱም መለየት ስላልቻለ ሁሌ መጣ። ሁሌ እንደ ሞት ገፋ።

አንድ መስከረም፣ ጠዋት፣ ባሮ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የማንጎው ጀሪካን ተሰቀለች። ዳክ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ውሃውን እየታገለ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ገፋ። ሲደርስ ነጭ መኪና ቆሟል። ከመኪናው አጠገብ አሸብር ሱሪውን እያየ ይስቃል። አሸብር ከደብረ ታቦር መጥቶ ጋምቤላ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

«ማን ነው የሚሞተው?» አለ ዳክ እያለከለከ።

«እግዚአብሔር አያድርገው፣ ጋሽ ዳክ! ስልክዎ አይሠራም፤ ምን ላድርግ? ገመዱ ተጠላልፎ መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ነው የሰቀልኩት። ይኸው ሱሪዬም ተቀደደ።»

«እሱ የሚሞት ሰው ሲኖር ነው።»

«አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ዳክ የት አለ እያሉኝ ነው። የሞተር ጀልባውም ጉዳይ ዛሬ ይነሣል። እርስዎ ካልተገኙ ማን ያነሣዋል?»

ዳክ ለማንም ‹እርስዎ› ብሎ አያውቅም። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው። «አንተ ጀልባው ዛሬ ነው ያልከው?» አለ።

«ይነሣል አልኩ።»

ይነሣል። ዳክ ታንኳውን ከማንጎው ሥር አሰረና መኪናው ውስጥ ገባ። ይህን አልደብቅላችሁም፤ ጀልባዋ ጎትታዋለች። ራሱም አይደብቀውም።

አዳራሹ ውስጥ ጎርፉን ተረከላቸው። ካባውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ደግመው አለበሱት። ጀልባው «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ምሳ ተበላ፤ ንግግር በንግግር ላይ ተደረበ፤ የሚመልሰው መኪና የተገኘው በማግስቱ ጠዋት ነው።

በማግስቱ ታንኳውን ፈትቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከጎጆው በታች በኩል ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ። የታችኛው መንደር ጀሪካን ተሰቅሏል። ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ከዛፎቹ በላይ። ዳክ ጎጆው ጋ አልቆመም።

ታችኛው መንደር ሲደርስ ዛፍ ሥር ቾል ተቀምጧል። ቾል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ትከሻው ሰፊ፣ በመንደሩ ትግል የሚያሸንፈው የሌለ ሰው ነው። ሚስቱ ኛባንግ ጎጆው ውስጥ ናት። ሴቶች በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም፤ አልቅሰው ጨርሰዋል።

«ማሌ» አለ ዳክ። ሰላም ማለቱ ነው።

ቾል ከመሬት አልተነሣም። «ሰቅለን ነበር» አለ።

«መቼ?»

ቾል በእጁ ወደ ምሥራቅ፣ ፀሐይ ጠዋት ወደምትቆምበት አመለከተ። «ትናንት። ምጡ ሲጠናባት። ስትቀር የማታይ መስሎን አስረዘምነው። ሙሉ ቀን ይዘነው ቆምን።»

«ሕፃኑ?»

«ወንድ ነበር።»

ዳክ ቀና ብሎ ግንዱን አየ። ግንዱ አንድ አልነበረም፤ በላዩ ላይ ሌላ ረጅም እንጨት በገመድ ታስሮበታል። የታሰረው እንጨት ጫፍ ለስልሷል። እንደ ቀንድ ለስልሷል። ዳክ እንዲህ የሚለሰልሰው ምን ዓይነት እንጨት እንደሆነ ያውቃል። ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ሲፈልግ፣ ከዛፉ ጀርባ በአፉ የተደፋ ታንኳ አየ።

«ያ የማን ነው?»

«የአባቴ። ትንሽ ያስገባል።»

«ምን ያህል?»

«በቅል እየቀዳህ ብትደፋው ኢታንግ ይደርሳል።»

«ዘንጉስ?»

ቾል ወደ ላይ አየ። ከዚያ ወደ ዳክ አየ።

ልብ በሉ። ሚስቱ በምጥ የተያዘች ጎልማሳ፣ መግፋት የሚያውቅ፣ ታንኳ ያለው፣ የታንኳውን ዘንግ አውጥቶ ዳክን መጥሪያ አደረገው። በዙሪያው መግፋት የሚችሉ ሌሎች ስድስት ወንዶች ነበሩ። ዘንጉን ከፍ አድርገው ይዘው ቆሙ። ሰነፎች ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ዳክ ቀርቶ ስለማያውቅ ነው። ተሳስተዋል፤ ስሕተቱን ግን ብቻቸውን አልሠሩትም። ከአዳራሹ እስከ ማንጎው ዛፍ ስንት ሰው «ዳክ አለ» እያለ አስተማራቸው!

«ለምን አልገፋህም?» አለ ዳክ፤ ድምፁ የቁጣ አልነበረም።

«አንተ ትመጣለህ ብዬ» አለ ቾል።

ዳክ ገመዱን ፈታ፣ ጀሪካኑን አወረደ፣ ዘንጉን ከግንዱ ለይቶ በተደፋው ታንኳ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ጎጆው በር ላይ ሲደርስ አልገባም፤ ከደጅ ሆኖ የኛባንግን ስም ጠራ። ከውስጥ ደካማ ድምፅ፣ «ከፍ አድርገን ነበር የሰቀልነው፣ ዳክ» አለው። ሌላ ነገር አልተናገረችውም። መርገም ይሻለው ነበር።

በዚያው ሳምንት ጎጆውን አፍርሶ እንጨቱን በታንኳው አሻገረ። የማንጎውን ጀሪካን በቢላዋ ቆርጦ ጣለ። የምታዩት የገመድ ቁራጭ ያኔ የቀረው ነው። ማዶ ላይ ጎጆ ቀለሰ፣ ውሃው ሲሸሽ ርጥቡ አፈር ላይ በቆሎ ዘራ፣ መረቡን ለራሱ ብቻ ጣለ። ከዚህኛው ዳር የሚጮህ ሰው አልጠፋም። «ጀግናችን! ዳክ! ኧረ ዳክ!» ዳክ ጀርባውን ሰጥቶ በቆሎውን ያርማል።

እህቱ ኛዱዋል በኅዳር መጣች። ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ በመኪና፣ ከኢታንግ በገበያ ጀልባ። ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ጀመረች።

«የእናቴ ልጅ፣ ሰው ከሰው ሸሽቶ ወንዝ ይሻገራል? ጉማሬ እንኳ ከጉማሬ ጋር ነው የሚተኛው።»

«ጉማሬን ካባ የሚያለብሰው የለም» አላት።

ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። የማሽላ ዱቄት ይዛ ነበርና ዋልዋል የሚሉትን ምግብ ሠራችለት፤ እሱ የጠበሰውን ዓሣ አቀረበ። እየበሉ የከተማውን ወሬ ዘረገፈችው። በቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እየጸለዩለት ነው። ጎረቤቷ «ወንድምሽን መንፈስ ያዘው ወይ?» ብላታለች። ሌላዋ ደግሞ «ጀልባ ስላልሰጡት አኩርፎ ነው» ብላለች።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ወንድሜ ደክሞታል አልኩ። ደክሞሃል፣ አይደል? ና ኒውላንድ፣ እኔ ጋ ረፍ። አልጋ አለ። ማንም አይነካህም።»

«ኒውላንድ ብቀመጥ በሩ ላይ ስንት ሰው ይሰለፋል?»

እሱ የሚፈራውን ጥያቄ አመጣች። «እሺ። ነገ እዚያ ማዶ የሚሞት ሰው ቢኖርስ? አንተ በዓይንህ እያየህ?»

ዳክ የዓሣውን አጥንት ለቀመ። «በታችኛው መንደር ሰባት ወንድ አለ» አለ። «እኔ እዚያ ስኖር ሰባቱም እጅ የላቸውም።»

«እና እጅ እስኪያወጡ ሰው ይሙት?»

«አላውቅም፣ ኛዱዋል። አላውቅም ነው የምልሽ። ታንኳዬን ሳያት እግሬ ይነሣል። ቢጫ ነገር ሳይ፣ ቅጠል እንኳ ቢሆን፣ ልቤ ይዘላል። ዘልዬ ብሄድ ደግሞ ያ ዘንግ እንደገና ግንድ ላይ ይወጣል።»

ሁለት ቀን ተቀምጣ ሄደች። ስትሄድ «ግትር» ብላ ሰደበችው፤ ከዚያ ግንባሩን፣ መስመሮቹ ላይ፣ በመዳፏ አበሰችው።

ታንኳዋ ግን ከጎጆው በታች እንደታሰረች ነበረች። መሄድም መቅረትም የሚቻልባት ታንኳ። ሰውየው ለወራት አልተኛም ማለት ይቻላል፤ ጠዋት ጠዋት እየወረደ ገመዷን ይነካል፣ ተመልሶ ይወጣል። ብቻውን ሊኖር መርጧል፤ ነገር ግን አንድ እግሩ ገና ታንኳዋ ውስጥ ነው።

አሸብር የመጣው በሚያዝያ ነው፣ በኪራይ ጀልባ፣ ባለጀልባውን ይዞ። ፊቱ በደስታ በርቷል።

«ጋሽ ዳክ! ደረሰ! የሞተር ጀልባው ደረሰ! አዲስ፣ ከነላስቲኩ፤ በዓይኔ አየሁት። ጎኑ ላይ ‹ጀግናው ዳክ› ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ርክክቡ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እርስዎ መጥተው መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።»

ዳክ በርጩማውን ሰጠው፤ ራሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያን ቀን ነገረው። ስለ ፕሮግራሙ ቀን። ጀርባውን ከሰጠ በኋላ ስለተሰቀለችው ጀሪካን፣ ስለረዘመው ግንድ፣ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ወንዱ ልጅ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ ግሱን አንዳንዴ አስቀድሞ፣ አንዳንዴ ረስቶ ነገረው።

አሸብር አላወቀም ነበር። ማን ይንገረው? በሪፖርቱ ላይ ያ ቀን «ፕሮግራሙ በድምቀት ተጠናቀቀ» ተብሎ ነው የተዘጋው። ከበርጩማው ወርዶ መሬት ላይ፣ ከዳክ አጠገብ ተቀመጠ። ሱሪው ነጭ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰቀልኩት» አለ።

«እኔ ነኝ የሄድኩት» አለ ዳክ።

ወንዙን አዩ። ባለጀልባው ሞተሩን እየጠራረገ ያፏጫል።

«አሸብር፣ ጀልባውን ለታችኛው መንደር ስጥ። ጤና ጣቢያው ይያዘው። ነዳጅ ይኑረው። እኔ አልመጣም።»

«ያለ ርክክብ አይወጣም፣ ጋሽ ዳክ። ወረቀቱ በእርስዎ ስም ነው። እርስዎ ሳይቆሙ ማን ይፈርማል? ጎኑ ላይ እንኳ ስምዎ ነው ያለው።»

«ስሜን አጥፋው።»

«እንዴት ብዬ? የኔ ሥልጣን ቢሆን ዛሬ አወጣው ነበር!» አሸብር ጮኸ። የጮኸው በዳክ ላይ አልነበረም።

ዳክ ተነሣ። ወደ ወንዙ ወረደ። የታንኳዋን ገመድ ነካ፤ እንደ ሌላው ጠዋት ግን አልተመለሰም። ፈታው። ሄዶ ከኪራይ ጀልባው ጀርባ አሰረው። ዘንጉን ታንኳዋ ውስጥ አጋደመ።

«ንዳ» አለው ባለጀልባውን።

«ወዴት?»

«ታች።»

የታችኛው መንደር ሰው የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዳር ወጥቶ ነበር። ቾል ከፊት ነው። ዳክን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ዳክ ታንኳዋን በገመድ ስቦ አሸዋው ላይ አወጣትና፣

«ይቺ አታስገባም» አለው።

ቾል አልገባውም። «ምን ልሥራላት?»

«ግፋት። የአባትህንም ድፈነው፤ ሁለት ይሁኑ።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚያው ነኝ።»

«በምን ትሻገራለህ?»

«አልሻገርም።»

ቾል እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። የሰው ታንኳ መውሰድ እግሩን እንደ መውሰድ ነው፤ በባሮ ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። ከኋላው ግን ኛባንግ መጣች። ከስታለች። በሰው መካከል አልፋ ወደ ታንኳዋ ጎንበስ አለች፤ ዘንጉን አነሣች፤ የለሰለሰውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ባሏ እጅ ውስጥ አኖረችው።

«ይህ ከእንግዲህ ግንድ ላይ አይወጣም» አለች። ሰባቱንም ወንዶች አንድ በአንድ እያየች ነው ያለችው።

ዳክ በኪራይ ጀልባው ተመለሰ። ባለጀልባው ማፏጨቱን ትቶ ነበር። ማዶው ዳር ሲያወርዱት አሸብር ጠየቀው።

«ምን ብዬ ሪፖርት ልጻፍ፣ ጋሽ ዳክ?»

«ሰው የለም በል።»

ጀልባው ራቀ። ዳክ ዳር ላይ ቆሞ እስኪጠፋ አየው። ከዚያ ሄደና፣ ከስንት ወር በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎጆው ጥላ ሥር ተዘርግቶ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ክረምት አልፏል። ቾልና ጓደኞቹ ሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች ኢታንግ አድርሰዋል፤ ሁለቱም ከነልጃቸው ተመልሰዋል። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ሞተውባቸዋል። ይህንንም አልደብቅም። የሦስቱን ሰዓት መንገድ በግማሽ ሰዓት ቢደርሱ ይተርፉ ነበር ወይ? ጀልባው ከላስቲኩ ሲወጣ ጠይቁት። እስካሁን በአንድ ግቢ ውስጥ፣ የዳክን ስም ጎኑ ላይ ተሸክሞ፣ ዶሮ ሰፍሮበት የሚፈርም ጀግና ይጠብቃል። አሸብር ሦስት ደብዳቤ ጽፏል። የሽማግሌው ለቅሶ ላይ ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ «ዳክ የት ነበር?» ያለ ሰው አልነበረም። ስለ ውሃው፣ ስለ ዘንጉ፣ በሚቀጥለው ማን ከፊት እንደሚቆም ነው የተወራው።

ዳክስ? ዳክ በቆሎ አለው፣ ዓሣ አለው። የሚያልፍ ጀልባ ጨው ይጥልለታል። ኛዱዋል በየሁለት ወሩ መጥታ ትሰድበዋለች። ደስተኛ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያ የእሱ ጉዳይ ነው። ታችኛው መንደር ላይ ሰባቱን ወንዶች ከያሉበት ለመጥራት ጀሪካን በተሰቀለች ቁጥር ግን ከበቆሎው መካከል ይወጣል። ውሃው ዳር፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ይቆማል። ታንኳ ብቅ እስክትል ይጠብቃል። ታንኳዋ ስታልፍ እጁን አያነሣም፤ እነሱም አይጠሩትም። ከዚያ ወደ በቆሎው ይመለሳል።

ስለዚህ እናንተ በዚያ መንገድ የምታልፉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማንጎው ጋ ስትደርሱ መኪናችሁን አቁማችሁ «ጀግናችን» እያላችሁ ወደ ማዶ አትጩሁ። ካባችሁንም ይዛችሁ አትምጡ። በግቢያችሁ የቆመ ጀልባ ካለ ስሙን ፋቁትና ነዳጅ ሞልታችሁ ስደዱት። ቢጫ ጀሪካን ከፍ ብላ ካያችሁ ደግሞ ዳክን አትፈልጉ። ጫማችሁን አውልቁና ወርዳችሁ ታንኳውን ግፉ፤ እባካችሁ።